ርሽታዬ ለምን ይሰባበራል? ድሬዎች እርዱኝ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ የምግብ ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

እኛ ቤት ርሽታ የሚባል ነገር አለ። ሌላው ሰው የእንቁላል ፓስታ ይለዋል። የምትሠራው አያቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው። ወጣት ሳለች ድሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ሴትዮ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። ሙያውንም ያገኘችው እዚያ ነው። ሴትዮዋን ማዳም ብቻ ነበር የምትላት። ግሪክ ትሁን፣ ጣሊያን ትሁን፣ ፈረንሳይ ትሁን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳትም። (አያቴን እንደ እኩያ መጥራቴ የሚከነክናችሁ የሸገር ሰዎች ታገሡኝ። ድሬ ላይ አንቱ ብዙም አይሠራም።)

አሠራሩን እናቴ በቃሏ ይዛዋለች። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 6 እንቁላል፣ ቁንጥር ጨው። ዱቄቱን ጠረጴዛ ላይ ከምሮ መሃሉን መጎድጎድ። እንቁላሉን እዚያ መስበር። በሹካ እየመቱ ዱቄቱን ከዳር ከዳር መሳብ። ከዚያ ማሸት፣ ማሳረፍ፣ መዳመጥ፣ መጠቅለል፣ በቢላ በቀጭኑ መቁረጥ፣ በትኖ ማድረቅ። በቃ ይኸው ነው።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሊጡ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ዱቄት ጨመርኩ። አሁንም ተጣበቀ፤ ጨመርኩ። እንደምንም ዳምጬና ቆርጬ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት የተሰቀለው ከሰዓት በኋላ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኖ ጠበቀኝ። ስነካው ተሰበረ። ያልተሰበረውም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ የፈላ ውሃ ሲያገኘው እሱም ተበታተነ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሩዝ መስሎት ማንኪያ ይዞ መጣ።

ዱቄቱ ነው? ፀሐዩ ነው? ወይስ እጄ? የምታውቁ ንገሩኝ።

*

ጥያቄው ይህ ነበር። መልሱ እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት ማለቴ ነው) ረዘመብን ስላሉኝ ከ1 እስከ 38 ያለውን እንደገባኝ ላስቀምጠው። የሰው ቃል አልገለብጥም፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው የማወጣው። ያጎደልኩት ካለ ባለቤቱ ይቆጣኝ።

መልስ 1 ሰላምታ ነበር ማለት ይቻላል። ርሽታ የሚባል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ነግሮኝ፣ የአያቶች ሙያ እየጠፋ ነው ብሎ አዝኖ ሄደ። መልስ 2 ቀኑ ዓርብ መሆኑን አስታወሰችኝ። በጾም ቀን ስለ እንቁላል ማውራቴን እንደ ግፍ ቆጠረችው። ግን እስከ መጨረሻው አንብባዋለች፣ ያውም ፎቶ የለውም ወይ ብላ ጠይቃለች።

ቁም ነገሩ የተጀመረው ከመልስ 3 ነው። የከዚራ ልጅ ናት። ሊጡን ስንት ደቂቃ እንዳሸሁና ስንት ደቂቃ እንዳሳረፍኩ በጨዋ ደንብ ጠየቀችኝ። የእንቁላል ሊጥ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መታሸት፣ ከዚያም ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ማረፍ አለበት ትላለች። ያላረፈ ሊጥ እንደ ላስቲክ ነው፤ ስትዳምጠው ተመልሶ ይሰበሰባል። አንቺም ተናደሽ ስትጫኚው አንዱ ጎን ይሳሳል፣ ሌላው ይወፍራል። ስሱም ወፍራሙም እኩል አይደርቅም። እውነቱን ለመናገር የእኔ ሊጥ ያረፈው አንድ ስልክ አንስቼ እስክዘጋ ድረስ ነው። ስልኩ አጭር ነበር።

መልስ 4 ግብርና ያጠና ሰው ነው። ጥፋቱን በሙሉ ዱቄቱ ላይ ጣለ። ፉርኖ ዱቄት ከዳቦ ስንዴ የሚፈጭ ነው፤ ለፓስታ የሚሆነው ግን ጠንካራው የመኮሮኒ ስንዴ፣ ዱረም የሚሉት ነው አለ። ከዚያ ወደ ሚወደው ነገር ገባ። ኢትዮጵያ የዚህ ስንዴ ዓይነት እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 እዚህ ድረስ መጥቶ ዘር የሰበሰበውም ለዚህ ነው። ደስ የሚል ንባብ ነበር። የእኔ ርሽታ ግን እዚያ ውስጥ ጠፋ።

መልስ 5ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ዶሮ የሚያረባ ሰው ነው። ስለ ዱቄትም ስለ ፀሐይም ምንም አላለም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የየትኛዋ ዶሮ እንቁላል? አያቴ ትሠራ በነበረ ጊዜ እንቁላል ማለት የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ነበር። እሱ 40 ግራም አካባቢ ነው። አሁን ከሱቅ የምንገዛው የእርባታ እንቁላል 55፣ አንዳንዴም 60 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ የእሷ ስድስትና የእኔ ስድስት አንድ አይደሉም። ለአንድ መቶ ግራም ዱቄት አንድ ትልቅ እንቁላል ነው ልኩ። ለግማሽ ኪሎ አምስት ይበቃል ማለት ነው።

ይህን አንብቤ ወደ ኩሽና ሄድኩ። የኬክ ሚዛን አለኝ። ስድስቱን ሰብሬ ስመዝን 305 ግራም ሆነ፣ ያለ ቅርፊቱ። የአያቴ ስድስት እንቁላል ግን ከቅርፊቱ ጋር እንኳ 240 ገደማ ነው። ሊጤ ለምን እንደሚጣበቅ እዚያው ገባኝ። ሊጡን ያረጠብኩት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ ዱቄት በላዩ እየነሰነስኩ ውስጡ እርጥብ፣ ላዩ አቧራ የሆነ ነገር ሠራሁ። እናቴ ቁጥሩን በትክክል ነው የያዘችው። ቁጥሩ አልተሳሳተም፣ ዶሮዋ ናት የተቀየረችው።

መልስ 6 መልስ 4ን አረመው፣ ለስለስ ባለ አነጋገር። ዱረም በውሃ ተለውሶ ለሚሠራው ለደረቁ የፋብሪካ ፓስታ ነው እንጂ፣ በእንቁላል የሚታሸው የሰሜን ጣሊያን ፓስታ ከለስላሳው የስንዴ ዱቄት ነው የሚሠራው። እንቁላሉ ራሱ ሊጡን ይይዘዋል። ስለዚህ በፉርኖ ዱቄቴ ምንም ችግር የለም። መልስ 4 ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ፣ እርማቱንም ተቀበለ። እንዲህ ዓይነት ሰው በዚህ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ አንድ፣ እሱም እሱ።

ከዚያ ሐረር ገባች።

መልስ 7 የጀጎል ልጅ ነው። እነሱ ቤት ርሽታን የሚመስል ነገር ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ ይውላል፣ አንድም ጊዜ ተሰንጥቆ አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የከተማዬ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ድሬዎች ችኩል ናችሁ፣ ፀሐያችሁም እንደ እናንተው ችኩል ናት የሚል መንፈስ ነበረው። መልስ 8፣ የገንደ ቆሬ ሰው፣ ይህን ሊያልፈው አልቻለም። ሐረር ላይ ፓስታ ጥዶ ሱቅ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ቡና አፍልቶ ጠጥቶ ሲያየው ገና ጥሬ እንደነበር ተረከ። አቦ የሚለውን ቃል በአንድ አንቀጽ አምስት ጊዜ ተጠቅሟል፣ ቆጥሬዋለሁ።

የፊዚክስ መምህሯ መልስ 9 ሁለቱንም ዝም አሰኘች፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረር ግን ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከፍታ ሦስት መቶ ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ድሬ ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሐረር ላይ በ94። ስለዚህ መልስ 8 ያለው ውሸት አይደለም፤ ቢጋነንም። ሐረር ላይ ትንሽ ቆየት ማድረግ ነው። መልስ 7 ያለውም እውነት ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሊጡ ቀስ ብሎ ይደርቃል።

10 እና 11 ግን አላነበቧትም። የከተማ ጠብ ቀጠለ። ከ11 ውስጥ የማስታውሰው ስለ ባቡር የተነገረውን ብቻ ነው። ባቡሩ ሐረር ሳይገባ ሜዳው ላይ መቅረቱን ሐረሮች እስከ ዛሬ ይቅር አላሉንም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ነው ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው። ይህ እውነት ነው። ከርሽታዬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ያን ጊዜ አልታየኝም ነበር። መልስ 12 ሁለቱንም አንድ ላይ ሰድቦ ወጣ።

መልስ 13 ፓስታ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፣ አጭርና ግልጽ። ስንጥቁ ከየት እንደሚመጣ ነገረኝ። ሊጥ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፀሐይና ነፋስ ላይ ከተሰቀለ ላዩ ቶሎ ደርቆ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። በኋላ ውስጡ ደርቆ ልኮማተር ሲል ላዩ አይከተለውም። መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ፋብሪካ ውስጥ ፓስታ የሚደርቀው በሞቀ ግን እርጥበት ባለው አየር ነው፣ እርጥበቱን እየቀነሱ፣ ቀስ እያሉ። የልብስ ገመድ ለልብስ ነው አለኝ። ዋጥ አደረግኩት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ደግ ነበር። መልስ 14 መጣች።

የምግብ ጤና ባለሙያ ናት፤ ሰላምታ የላትም። ጥሬ እንቁላል ያለበትን ሊጥ በድሬ ሙቀት ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ውጭ መስቀል ማለት ለባክቴሪያ ድግስ መጥራት ነው አለች። ደንቡ እንቁላል ነክ ነገር ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ። ድሬ ላይ ከ32 በታች የሆነ ቀትር ስንት ቀን እንዳየሁ ጠየቀችኝ። ሦስቱ ሙከራዎቼ መሰባበራቸው ዕድሌ መሆኑንም ጨመረች፣ ባይሰባበሩ ኖሮ አጥግቤ እበላቸው ነበርና።

ከ15 እስከ 18 ያለውን ባላነበው ይሻለኝ ነበር። አንዱ አያቱ እንቁላል ማድረቂያ ደንብ ሳይኖራት ዘጠና ዓመት መኖሯን እንደ ማስረጃ አቀረበ። 14 መለሰች፤ በዚያ ዘመን ተቅማጥ የገደላቸው ሕፃናት መጥተው ሊከራከሩት እንደማይችሉ ነገረችው። ከባድ ነበር፣ ግን ልክ ናት። ሌላው የተማረ ሰው ሁሉ ምግባችንን ሊነጥቀን ነው ብሎ ተነሣ። 17 ላይ አንዲት ሴት ሊጡን ጥሬውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ፍሪዘሩ ጋ፣ በዱቄት ነስንሶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ተናገረች። ማድረቅ የሚባለውን ነገር ጨርሶ መተው ነው ሐሳቧ። 18 ደግሞ መብራት ሲጠፋስ ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ድሬና ሐረር፣ ጤናና ባህል፣ ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። መብራት ይጠፋል።

መልስ 19 ማንንም አልመለሰችም። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ቤታቸው ውሃ ገብቶበት የእናቷ የምግብ ደብተር አብሮ ሄዷል። ሰው ስላልሞተባቸው ስለ ደብተር ማልቀስ ነውር መስሏት ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ከሳምንት በኋላ ከጭቃው ውስጥ አንድ ገጽ አግኝታለች። በቢክ እስክሪብቶ የተጻፈው ቀለም ተሰራጭቶ ሰማያዊ ደመና ሆኗል፤ የሚነበበው ዳር ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቀረፋ። የምን ምግብ ቀረፋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። እናቴን ዛሬውኑ ቁጭ አድርጌ እንድጽፋት ለመነችኝ። ከዚህ መልስ በኋላ ለአሥራ አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው መልስ 20 ነው፣ በታሪክ ክርክር። ርሽታ የጣሊያን እንደሆነ፣ ጣሊያን በ1928 ሲገባ ይዞት እንደመጣ በእርግጠኝነት ተናገረ። ለጣሊያኖቹም ማርኮ ፖሎ ከቻይና አምጥቶላቸው ነው። መልስ 21 ሁለቱንም አፈረሰ። ማርኮ ፖሎ ወደ ቬኒስ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1295 ነው። የዓረቡ የጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲ ግን እ.ኤ.አ. በ1154 ሲሲሊ ውስጥ ትራቢያ በምትባል ስፍራ ኢትሪያ የሚባል የሊጥ ክር በብዛት እየተሠራ በመርከብ እንደሚላክ ጽፏል። መቶ አርባ ዓመት ቀድሞ። ድሬም ብትሆን ጣሊያንን አልጠበቀችም ይላል፤ ባቡሩ ግሪኩንም፣ አርመኑንም፣ ዓረቡንም፣ ሕንዱንም ከጣሊያን በፊት አራግፏቸዋል። የመልስ 11 ባቡር ለካ ሥራ ነበረው። መልስ 20 ተመልሶ አልመጣም። መልስ 4ን ያዩ ሰዎች ልዩነቱን ልብ ይሏል።

መልስ 22 ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ስለነገሩን አንቱ ልበላቸው። (አይወዱትም፣ 24 ላይ ተቆጥተውኛል።) ልጅ ሆነው ከዚራ ጥላ ዛፎቹ ሥር ሲጫወቱ፣ አንድ የአርመን ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ላይ የሊጥ ክር ተሰጥቶ ያዩ እንደነበር አጫወቱን። አንድ እፍኝ ሰርቀው ጥሬውን በልተውታል። ጨው ጨው ይል ነበር። አርመኖቹ አሪሽታ ይሉታል። አሪሽታ፣ ርሽታ። ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። የመጋላዋ ልጅ፣ መልስ 23፣ በጥሩ ቋንቋ ተቃወመች። ርሽታ ዓረቦችም ዘንድ አለ፤ በምስር ነው የሚሠራው። የማዳምን ዘር ከቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ቃሉ መነሻው ፋርስኛ ነው፣ ሪሽቴ፣ ትርጉሙም ክር። መልስ 25 ይህንን እንደያዘ፣ እንግዲያው እኛም እዚህ ርሽታ ላይ ነው የምንጽፈው ብሎ ቀለደ። ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደው ይህን ነው። የዶሮው ሰውዬ መልስ ሁለት ሰው ብቻ ነው የወደደው። ምን ይባላል።

ከ26 እስከ 29 ሰው ሁሉ ስለ ሸሪያ፣ ስለ ቀጭኑ የፓስታ ዓይነት፣ ማውራት ጀመረ። የረመዳን ሾርባ ውስጥ የሚገባው ቀጭኑ፣ ሩዝ ውስጥ በዘይት ቡናማ ተደርጎ የሚጨመረው፣ በስኳርና በሄል የሚበላው። እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ የትኛው ሱቅ ጥሩ ሸሪያ እንዳለው ረጅም ክርክር ተነሣ፤ የሱቆቹን ስም አልጠቅስም። 28 ላይ አንዱ እዚያው ገበያ በእጅ የሚዞር የፓስታ ማሽን ገዝቶ፣ መዞሪያው በሁለተኛው ቀን እጁ ላይ እንደቀረ በምሬት ጻፈ። እኔም ማሽን ልገዛ አስቤ ነበር። ተውኩት።

መልስ 30 የራሴ ነው። አክስቴ ጋ ደወልኩ። ሐረር ነው ያለችው፣ ከእናቴ ታላቅ ናት፤ እናቴ ትምህርት ቤት ስትሄድ እሷ ቤት ቀርታ ከአያቴ ጋር ሊጥ ትዳምጥ ነበር። ጥያቄዬን አንብቤላት ከመጨረሴ በፊት ሳቀች። አያቴ ርሽታ የምትጀምረው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ድሬ ገና ሳትሞቅ። እናቴ ይህን አላየችም፤ ተኝታ ነበር። እንቁላሉ ከጓሮ ዶሮ ነው። የተቆረጠው ሊጥ ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ አልጋ ላይ፣ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ፣ መስኮት ተዘግቶ ይበተናል። ላዩ ላይ ሌላ ሻሽ፣ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ። የሚቆየው ቡና እስኪፈላ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። እንዲደርቅ አይደለም። እንደ ቆዳ ለስለስ ብሎ ሳይጣበቅ እንዲቀር ነው። ከዚያ ምጣድ ላይ ይታመሳል።

ምጣድ! እናቴ ስለ ምጣድ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ስጠይቃት፣ የታመሰ መሆኑን ታውቃለች፣ ግን ያ ነገር አሠራር ውስጥ የሚገባ አልመሰላትም። ቤታችን ውስጥ ገብስም ሽምብራም ቡናም ይታመሳል፣ ይቆላል። ማን ይቆጥረዋል?

መልስ 31 ላይ የባቡሩ ሰው በደስታ ዘለሉ። አርመኖቹም አሪሽታቸውን ካደረቁ በኋላ በእሳት ያምሱታል፤ ሽታው እስከ መንገድ ይመጣ ነበር። የመጋላዋ ልጅ 32 ላይ ነጥቡን ሰጠቻቸው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የአርመን ማዳም ከዓረብ ጎረቤት ልትማር ትችላለች፤ ድሬ ላይ ማን ከማን እንደተማረ በድንበር አይለይም አለች። አክስቴ ደግሞ ማዳም ዓረብኛም ትናገር እንደነበር ታስታውሳለች። እኔ ልቤ ወደ አርመን አዘንብሏል፣ በምጣዱ ምክንያት። ማዳምን ግን አሁንም ማዳም ነው የምላት።

ያቺ የጤና ባለሙያ 33 ላይ ተመለሰች። ይቆጣኛል ብዬ የጠበቅኩት ሰው ቢኖር እሷ ናት። የአያቴን አሠራር ከሁሉም የተሻለ ሆኖ እንዳገኘችው ጻፈች፤ በቀዝቃዛ ሰዓት፣ በቀጭኑ፣ አንድ ሰዓት፣ ወዲያው እሳት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አላት። ቀኑን ሙሉ ውጭ የዋለን ሊጥ በኋላ ማመስ አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ እሳት አይነካውም። ስለዚህ ሰዓቱ ከምጣዱ ይቀድማል። የታመሰውንም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከድኖ ፍሪጅ ማስገባት፣ ብዙ ሳይቆዩ መብላት። ከ15 ጋር የነበረውን ጠብ አልደገመችውም። 15ም ዝም አለ።

ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣሁ። አምስት እንቁላል፣ ግማሽ ኪሎ ዱቄት። አሥር ደቂቃ አሸሁ፤ ክንዴ አሁንም ያመኛል። ግማሽ ሰዓት በሳህን ከደንኩት። ስዳምጠው እምቢ አላለም፣ ተዘረጋ። በስሱ ስለወጣ ከሥሩ የጠረጴዛ ጨርቁ አበባ በጭላንጭል ይታይ ነበር። ቆረጥኩ፣ አልጋ ላይ በተንኩ፣ ባለቤቴን ሶፋ ላይ ላክሁት። ቡናው ሲፈላ አንዱን አንሥቼ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት፣ አልተሰበረም። ብረት ምጣድ፣ ዝግ ያለ እሳት፣ በእንጨት ማንኪያ እያገላበጥኩ። መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ እንደ ገለባ ቢጫ። ጫፍ ጫፉ ቡናማ መሆን ሲጀምር አወጣሁት። ቤቱ የተቆላ ስንዴ ሸተተ። እናቴ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ በር ላይ ቆመች። ምንም አላለችም፣ ሽታውን ብቻ ሳበችው።

ሽንኩርት በዘይት ቡናማ አድርጌ፣ ምስር ቀቅዬ፣ ርሽታውን ጨመርኩበት። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። አልተበታተነም። ባለቤቴ ሹካ ይዞ መጣ።

ፎቶውን 34 ላይ ለጠፍኩት። 35 እና 36 እንኳን ደስ አለሽ ናቸው። የመልስ 2ዋ ልጅ ቀኑ ቅዳሜ በመሆኑ በነፃነት መጎምጀቷን ገለጸች። 37 ክሩን ሳያነብ ገብቶ የታሸገ ፓስታ ሞልቶ ለምን ይህን ሁሉ እደክማለሁ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

38 አክስቴ ናት። የልጅ ልጇ አካውንት ከፍቶላታል፤ መጀመሪያም መጨረሻም የጻፈችው ይህንኑ ነው። ፎቶውን አጉልታ አይታዋለች። አቆራረጤ የጣት ያህል ሰፊ መሆኑን፣ አያቴ ብታየው ለዶሮዎቹ ትበትነው እንደነበር፣ ጠረጴዛው ላይ የሚታየውም የዳቦ ቢላ መሆኑን ነግራኛለች።